ሁለት ሰው ያየው ወፍ

ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽስ? የትንሿ ጥርስ ብቅ አለ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ፍጹም ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ ውሸት ትቻለሁ።

ሐኪሙ ለደም ግፊትህ በእግርህ ሂድ ስላለኝ፣ ረግረጉ ዳር ወፍ ከሚቆጥሩት ጡረተኞች ጋር መግባቴን ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ ደንቡን ነው። ሁለት ሰው ያላየው ወፍ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ሁለቱም «አይቻለሁ» ብለው ይፈርማሉ። እኔ የተጣመርኩት ጡረታ ከወጡ አዋላጅ ጋር ነው፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላቸዋል።

ልጄ፣ እኔ ምንም አላይም ነበር። አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ፊደል ሳርም አንዲት ነጥብ የማታመልጠኝ ሰውዬ፣ ሽመላን ከአጥር እንጨት መለየት አቃተኝ። ዓይንህ ከደከመ ቤቱን ዘግተህ እኔ ጋ ትገባለህ ያልሽኝ ትዝ እያለኝ አፌን ዘጋሁ። ሲስተር ዳክዬ ሲሉ ዳክዬ፣ ይብራ ሲሉ ኧረ ምን የመሰለ ይብራ እያልኩ ሦስት ወር ሙሉ ፈረምኩ። የገደል ማሚቶ እንኳ እንደኔ ታዛዥ አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ ወፍ የምንቆጥርበት ማማ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ሲስተር ወደ ሸምበቆው ዞረው አንገተ ቀይዋን ወፍ አዩዋት ወይ አሉኝ። የሩቅ ማያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ደቅኜ፣ አየሁ እንጂ፣ እንዲያውም ሁለት ናቸው አልኳቸው። እሳቸውም፣ የመነጽሩን ክዳን ቢያነሱት ደግሞ አራት ይሆኑ ነበር አሉኝ።

ኧረ እፍረት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ረግረግ ስለሆነች ብዙም አትቸገርም ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ልሰናበት ስነሳ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረው ማወቃቸውን ነገሩኝ። ታዲያ ምነው ዝም አሉ ብላቸው፣ ሌላ ተጣማሪ እንዳይሰጡኝ ብዬ ነዋ አሉ። ያን ቀን ከዚያ ወዲያ አንድም ወፍ አልቆጠርንም።

በማግስቱ እጄን ይዘው ዓይን ሐኪም ጋ ወሰዱኝ። ሞራ ነው፤ የፊታችን ሐሙስ ይገፈፋል። ሲስተር ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የሚያዩት የኔን መጨማደድ ስለሆነ ከወዲሁ ልብዎን ያጽኑ ብለውኛል። እኔ ግን የምፈራው ሌላ ነው። አንቺ እንዳትቀየሚኝ ፈርቻለሁ። ቀለም የቀባሽልኝን ክፍል ለትንሿ አድርጊው፤ እኔ እዚሁ ብቀር ደስ ይለኛል። ስትመጪ ሁለታችንም በር ላይ እንጠብቅሻለን።

የእጅ ጽሑፌ ከወትሮው አምሮ ብታዪው አትደነቂ፤ ብዕሩን የያዙት ሲስተር ናቸው።

ክፉ አይንካሽ፣ ቤትሽ ሳቅ አይጉደልበት፣ የወለድሻት ትባረክልሽ።

አባትሽ
አይቻለሁ።

ሁለተኛዋ ቆጣሪ
እኔም አይቻለሁ።