ጀርባዬ ፔዳል ሲረግጥ

ውድ ወንድምዓለም፣

ከደብዳቤው ጋር የላክሁልህን ሱሪ ከመለካትህ በፊት ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። ጉረኛ ሆኛለሁና ቻለኝ።

የጨርቅ ጣቃ ተሸክሜ ከልብስ ስፌት ሱቃችን ደረጃ የወደቅሁ ጊዜ፣ ሐኪሙ የአከርካሪዬ ነርቭ መጎዳቱን ሲነግረን አንተ ዞር ብለህ እንባህን ጠረግህ። አይቼሃለሁ። እግሮቼ የሌላ ሰው እግር ሆኑብኝ። በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት ግን ከአከርካሪዬ ግራና ቀኝ ያሉት ጡንቻዎች በምት መዝለል ጀመሩና ጮህሁ። መዳፍህን ጀርባዬ ላይ አሳርፈህ ትንሽ ቆጠርክ።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ የስፌት መኪናሽ ምት ነው!»

ቤት እየመጣች የምታሠራኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «ጡንቻ ስለዘለለ ብቻ ነርቭ ድኗል ማለት አይደለም» ብትልህ ማን ሰምቷት! በማግስቱ መኪናዬን ከሱቅ አስመጣህ፣ ፔዳሉ እንዲቀልልኝ መርፌውን ነቅለህ መኪናውን የሚያዞረውን ቺንጋ ፈታህ፣ እግሮቼን በጨርቅ ቁራጭ ከፔዳሉ ጋር አሰርካቸው። የቀለድክብኝ መሰለኝ። «አሻንጉሊትህ አይደለሁም!» ብዬ መቀሱን ወረወርሁብህ። ደግነቱ ሳትሁህ። ሳምንት ሳይሞላ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። «ደህና ሁን» አለማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሄድክ በሦስተኛው ቀን ባለሙያዋን «እስቲ አንቺ እሰሪኝ» አልኋት። ሳቀች። «ተስፋ አልሰጥሽም፤ ግን ከመተኛት ይሻላል» አለችኝ። እሷ ቁርጭምጭሚቴን ይዛ ፔዳሉን ትገፋለች፣ እኔ ከምቱ ጋር ጀርባዬን አጠብቃለሁ፣ እለቃለሁ። አሥራ አንድ ወር እንዲህ ሄደ። ስንቴ ተሳደብሁ መሰለህ፤ አንተንም ጨምሬ።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ፔዳሉ ፈጠነብኝ።

«ቀስ እያልሽ ግፊ እንጂ!» አልኋት።

ቀና ስል ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቆማለች።

«እኔማ ከለቀቅሁሽ ቆየሁ፣ እህቴ» አለችኝ፤ እንባዋ ይወርዳል።

ጎረቤት እስኪወጣ እልል አልሁ! ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ «ቺንጋውን መልሽልኝ፤ መርፌውንም» አልሁ።

ሱሪውን የሰፋሁት በእነዚያ በራሴ እግሮች ነው። የግራው ስፌት ትንሽ ይንሻፈፋል፤ ግራ እግሬ ገና ሰነፍ ነው። እንዳትፈታው! ልክ ነበርክ፣ ወንድሜ፤ የበደልሁህም እኔ ነኝ።

ለብሰኸው ና። በክራንች በር ድረስ ወጥቼ እቀበልሃለሁ። መቀሱን ደብቄዋለሁ፤ አትፍራ።

መኪናዋን ራሷ የምትረግጠው እህትህ