በፍቅርዎ ምክንያት ስለቀረብን የእግረኛ መብራት

ለክቡር አቶ ናፍያድ መርጋ፣ የከተማችን ምክር ቤት አባል

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ፀጉርዎም፣ የፌስቡክ ገጽዎም እንደምን ሰንብታችኋል? በዕድሜ ልጄ ቢሆኑም ሥልጣን አንቱ ያሰኛልና ይህን በታላቅ አክብሮት እጽፋለሁ። ብሩክሊን ሴንተር ከሚባለው ከተማ አለፍ ብሎ ባለው፣ ድምፅ ሲለምኑ አድራሻውን በደንብ ያውቁት በነበረው አፓርትመንት የምንኖር ሰዎች፣ ከወይዘሮ ጃለኔ የተሰበረ ዳሌ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤውን በአደባባይ ያወጣሁት ስልክ በደወልኩ ቁጥር ረዳትዎ «ሚቲንግ ላይ ናቸው» ስለሚሉኝ ነው፤ ሚቲንጉ እስኪያልቅ ሌላው ሰው ቢያነበው አይከፋም ብዬ።

አንደኛ፣ አብረውን ድራማ ስላዩ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ስንወጣ በሕንፃው የጋራ ክፍል ተሰብስበን አንድ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ እናይ እንደነበር አይረሱትም። የአንድ ወረዳ ምክር ቤት አባል የሆነ ኩሩ ጎረምሳ ነበር፤ በፈረሰ የልጆች መጫወቻ የተነሣ በየስብሰባው እየቆመች የምታፋጥጠው የሰፈር ልጅ ነበረች፤ ተጣልተው ተጣልተው ተፋቀሩ። ወይዘሮ ጃለኔ ከሥር የሚወጣውን እንግሊዝኛ ስለማያነቡ፣ ጎረቤታችን ነርሷ ሲንቄ በኦሮምኛ ትነግራቸዋለች፤ እኔ ደግሞ ለቀሩት በአማርኛ እነግራለሁ። እርስዎ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀትዎን ይዘው በሩን ያንኳኩት ጎረምሳው በዝናብ ውስጥ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ መጫወቻውን ሲጠግን ነው። ጫማዎን አወለቁ፣ ተቀመጡ፣ እስከ መጨረሻው አዩ፤ ዓይንዎንም ሲጠርጉ አየንዎ።

ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ወይዘሮ ጃለኔ በመስኮቱ ሰፊውን መንገድ አሳዩዎ። «ልጄ፣ ባስ ለመያዝ ይህን ሁሉ መንገድ በዚህ መደገፊያ፣ በዎከር ነው የምሻገረው። አንዱ መኪና ቢቆምልኝ ሌላው አይቆምም» አሉዎ። እርስዎም እጃቸውን ይዘው፣ «እማማ፣ ከተመረጥኩ የእግረኛ መብራቱ በመጀመሪያው ዓመቴ ይተከላል» አሉ። መምረጥ የሚችለው የሕንፃው ሰው በሙሉ ወጥቶ መረጠዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ መንገድ አስተዳደር ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ሲንቄ በምክር ቤቱ ስብሰባ፣ ነዋሪ በሚናገርበት ሰዓት ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ስለ መብራቱ ስትጠይቅ፣ መንገዱ የከተማው ሳይሆን ከከተማው በላይ ያለው አስተዳደር፣ የካውንቲው እንደሆነ በትሕትና ገለጹላት። ካውንቲው ዘንድ ሄደች፤ ከተማው በጽሑፍ ይጠይቀን አሏት። ተመልሳ ይህንኑ ስትነግርዎ፣ ከመጠየቁ በፊት ይጠና አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ጥናቱን የሚያጠና ሰው ይጠና አሉ መሰለኝ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ግን እሷን እያዩ ፈገግ ይሉ ነበር፤ እሷም እየተቆጣች ቀይ ሻርፕ መልበስ ጀምራ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጥነው ሴቶች ይህን ሳናይ አልቀረንም።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ባቆም ይሻላል፤ ቀጥሎ የመጣው በቁጥር አይነገርም። አንድ ምሽት በረዶ ሲጥል በመኪናዎ ራይድ ሰጧት። ከዚያ በኋላ መኪናዎ ከሕንፃችን ፓርኪንግ አልጠፋም። በፀደይ ኬክ ይዘው ወደ ጋራ ክፍላችን መጡ፣ ቀለበት አሰሩላት፤ ወይዘሮ ጃለኔ ራሳቸው መረቋችሁ። ድራማው ሁለተኛ ክፍል ያለው በእኛ ሕንፃ ነው ብለን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሲንቄ ማይክሮፎኑ ፊት አልቆመችም። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «የእሱ እጮኛ ሆኜ በሰው ፊት ባፋጥጠው ጥሩ አይመስልም ብሎኛል። ቤት ውስጥ ንገሪኝ ብሏል» አለችኝ። ቤት ውስጥም ነገረችዎ። እርስዎም ቤት ውስጥ ሰሙ፤ ስብሰባ ላይ ግን መብራት የሚለውን ቃል ዳግም ከአፍዎ የሰማ የለም።

በየካቲት ወይዘሮ ጃለኔ ከባስ ወርደው ሲሻገሩ መኪና ገጫቸው። የመንገዱን ዳር በረዶ ሞልቶት ስለነበር የሚሸሹበት ቦታ አልነበራቸውም። እኔ ስደርስ ዎከራቸው ወዲያ ማዶ ወድቆ፣ እሳቸው ግን የገጫቸውን ልጅ «አትፍራ፣ አልሞትኩም» እያሉ ያጽናኑ ነበር።

ሆስፒታል ድረስ በመምጣትዎ እናመሰግናለን፤ ፎቶ አንሺም ስላልረሱ። «ከእናቶቻችን ጎን» ተብሎ በገጽዎ የወጣው ፎቶ በጣም ያምራል፤ ከፎቶው የቀረው ወይዘሮ ጃለኔ የተናገሩት ብቻ ነው። «አበባውን ለነርሶቹ ስጣቸው፣ ልጄ። መብራቱስ?» ነበር ያሉዎ። «እየተጠና ነው፣ እማማ» አሉ። የእሳቸውን አጥንት ሐኪሞቹ በአንድ ከሰዓት አጥንተው ወደ ጥገናው ገብተው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሲንቄ ስትጠይቅዎ እኔ ካፖርቷን ይዤ አጠገቧ ነበርኩ፤ ስለዚህ የሰማሁትን እንጂ የተነገረኝን አልጽፍም።

«አጀንዳ ላይ ለምን አላስያዝከውም?» አለችዎ።

«ባንቺ ምክንያት ነው» አሉ። «ለእጮኛው ሰፈር አደረገ ይሉኛል። የጥቅም ግጭት ነው።»

 ሲንቄ ቀለበቱን አውልቃ፣ ፎቶ አንሺው እያየ፣ በእጅዎ ላይ አስቀመጠችው። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ያ ችግር የለብህም» አለች። ካፖርቷን ከእኔ ተቀብላ ወደ ወይዘሮ ጃለኔ ክፍል ገባች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እስኪበቃት አለቀሰች። ወይዘሮ ጃለኔ ፀጉሯን ያሻሹ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሲንቄ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ስለ ቀለበት አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ስለ መብራቱ ብቻ ነበር። እርስዎም አሁን ከማንኛውም የጥቅም ግጭት ነፃ ሆነው፣ ጉዳዩ ወደ ጥናት እንዲመለስ እጅዎን አወጡ። ፈገግ አላሉም። ክቡር ሆይ፣ እኔ ያናደደኝ ፍቅሩ መፍረሱ አይደለም፤ ስንትና ስንት ፍቅር ይፈርሳል። ያናደደኝ አንዲት ሴት ዝም እንድትል ቀለበት አድርገውላት፣ ዝም ማለቷን ደግሞ ሥራ ላለመሥራት ምክንያት ማድረግዎ ነው። የኮሪያው ጎረምሳ እንኳን መጫወቻውን ጠግኖ ነው ያፈቀረው።

ባለፈው ሳምንት ሲንቄ ለእርስዎ ወንበር በእጩነት ተመዘገበች። ወረቀት የምናድለው እኛ ከኋላ ወንበር የነበርነው ነን፤ በርዎን ስናንኳካ ጫማችንን እናወልቃለን።

ትዕግሥቱን አብዝቶ ይስጥዎ፣ የእኛንማ ጨርሰውታል፤ የሥልጣን ዘመንዎ በሰላም እንዲጠናቀቅ ከልብ የምመኝ፣

አክባሪዎ እህተማርያም ክፍሌ፣ ስለ ጎረቤቶቿም ጭምር

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ጃለኔ በዚህ ወር የዜግነት መሐላቸውን ፈጽመው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡ ነው። ድምፅ የሚሰጡበት ቦታ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው ተብለዋል። መብራቱ እስከዚያ ባይደርስም ግድ የለም፤ ሕንፃው በሙሉ ይዟቸው ይሻገራል።