ተጽፎ የተጠና ድንገተኛ ዜማ

ለማይጠገብ ናፍቆቴ፣ ለእህት ዓለሜ፤

ጤናሽ እንዴት ሰንብቷል? ያ የማይረባ ሳልሽስ ተወሽ? እኔ፣ ጥርሴ ክላርኔት ለመንከስ እስከበቃ ድረስ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደኅና ነኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ በማርሽ ባንድ ውስጥ ከተጻፈው ኖታ ዝንፍ ሳልል የነፋሁት ሰውዬ፣ በስተርጅና የጃዝ ቡድን ውስጥ መግባቴን ስትሰሚ መሳቅሽ አይቀርም፤ ሳቂ፣ ግን ስሚኝ። ስዊንግ የሚሉት ምቱ ላይ እንደ ወታደር ከመቆም ይልቅ እንደ ኮራች ሙሽራ ጥቂት ዘግይቶ መድረስ ነው፤ ብሉዝ ደግሞ ሐዘንን አሳምሮ ማማት ነው፤ ሁለቱንም በመከራ ተማርሁ። ያቃተኝ ኢምፕሮቫይዜሽን፣ ማለትም ያልተጻፈውን በቆሙበት ፈጥሮ መጫወት ነበር። የቡድናችን መሪ ከበሮ መቺው፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ብቻዎን በሚጫወቱት ሶሎ ካላሳመኑን ወንበሩን ለሳክስፎኑ ልጅ እንሰጠዋለን» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ወንበሩ ከፒያኖው አጠገብ ያለው ነው፤ የምወደውም ብርሃኑ ለዓይኔ ስለሚስማማ ብቻ ነው።

እኔም እንደ ልማዴ ድንገተኛውን ዜማ ቤቴ ተቀምጬ ጻፍሁት፤ ትንፋሼን የምስብበት ሳይቀር በቃሌ ሸመደድሁት። ጥሪና ምላሽ በሚሉት ስልት ፒያኖ ተጫዋቿ፣ ባሏን ያጣች ጨዋ ሴት፣ በዜማ ትጠይቀኛለች፣ እኔም በዜማ እመልሳለሁ፤ በልምምድ የምትጠይቀውን ስለማውቅ መልሴ የተሰናዳ ነበር። ቅዳሜ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ በመነጽሯ አናት አሻግራ እያየችኝ ጥያቄውን ለወጠችው! እሷ በለሆሳስ ስታባብል፣ እኔ ያጠናሁትን ፉከራ ለቀቅሁባት። ታዳሚው በሳቅ ፈነዳ። ከበሮ መቺው፣ «ኧረ ጋሼ፣ የጠየቀችዎት ሌላ፣ የሚመልሱላት ሌላ!» ብሎ ጮኸ። እሷ ግን፣ «ተወው፣ እሱ ይሰማኛል» አለችና፣ ያንኑ ዜማ ይበልጥ ዝግ አድርጋ ደገመችልኝ።

ያጠናሁት ሁሉ እንደ ጉም በነነ፤ ባዶዬን ቀረሁ፤ ባዶዬንም ሆኜ መለስሁላት። ምን እንደመለስሁ አትጠይቂኝ፤ ብቻ ያ ለፍላፊ ከበሮ መቺ መምቻውን አስቀምጦ እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ወንበሩም የእኔው ሆኖ ጸና።

የአዳራሹ ደረጃ አዳላጭ ስለሆነ፣ ስንወርድ ክንዴን ያዘችኝ። ደረጃው ካለቀ በኋላም እስከ ቤቴ በር አልለቀቀችኝም፤ መንገዱ፣ እንደምታውቂው፣ ሜዳ ነው።

ዕድሜሽን እንደ ረጅም ዜማ ያርዝምልሽ፤ ደጅሽ ሳቅ አይጣ።

አንቺ ሁልጊዜ የምትስቂበት፣
ታላቅ ወንድምሽ