ልቤ ሲወድ ገላዬ ዝም ይላል

ይድረስ ለእትዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ እየደበቅሽን ነው? እማዬ እንዴት ናት? ባለቤትሽና ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ባለፈው በስልክ «ሰውየውን ካልተመኘሽው አልወደድሽውም ማለት ነው፤ የሰው ልጅ አታንከራትቺ፣ ተይው» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ተቆጥተሽ ስለነበር መልሼ አልደወልኩልሽም። አሁን ልመልስልሽ።

ሰውየው የስፌት ቤታችንን የልብስ ስፌት መኪናዎች የሚጠግነው፣ እጁ ከመኪና ዘይት ስለማይጠራ እኛ «ዘይቱ» የምንለው ነው። ኮቴውን ደረጃው ላይ ስሰማ መርፌው ስር ያለው ኮሌታ ይጣመምብኛል። የቀረ ቀን ምሳ አይወርድልኝም። ይሄ ፍቅር ካልሆነ ምኑ ነው ፍቅር? ገላዬ ግን ዝም ነው፣ እትዬ። እሱን ብቻ ሳይሆን ማንንም ተመኝቶ አያውቅም። ድሮ ከጓደኞችሽ ጋር ስለ ወንድ ስታወሩ አብሬ እስቅ የነበረው ገብቶኝ እንዳይመስልሽ። ሐኪም ጋ ሂጂ ስትዪኝም ሄጃለሁ፤ «ጤነኛ ነሽ» አለችኝ። መውደድና መመኘት አንድ መስለውኝ ስንት ዓመት ራሴን ጎደሎ እያልኩ ኖርኩ!

እንጋባ ሲለኝ ሸፋፍኜ ማግባት አልፈለግኩም። ከሥራ ስንወጣ ፌርማታው ላይ ሁሉንም ነገርኩት። «እንግዲያው አትወጂኝማ» አለኝ። «ልቤ ይወድሃል፤ ገላዬ ነው የማይጠራህ» አልኩት። አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ዘጠኝ ቀን አላናገረኝም። መኪናዬ ሲበላሽ እንኳ ሌላ ጠጋኝ ላከብኝ።

በአሥረኛው ቀን ራሱ መጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወንበሬ አጠገብ ቆመና «አልዋሽሽም፣ ይከብደኛል። ግን ቤቴ ውስጥ ካንቺ ሌላ ሰው ሳስብ አልመጣልኝም» አለኝ። እሱ ሲከብደው ሊነግረኝ፣ እኔ ያልሆንኩትን ላላስመስል ተማማልን። በጥር እንጋባለን።

እትዬ፣ ፈቃድ እየጠየቅኩሽ አይደለም፤ ምርቃትሽን ነው የምፈልገው። ስትመርቂኝ «ውለጂ፣ ክበጂ» አትበይኝ። «እየተሳሳቃችሁ አርጁ» በይኝ፤ እሱን አሜን እላለሁ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን በፈተናዋ በርቺ፣ ጥርሱ የወለቀውን ደግሞ አንዴ ሳቅልኝ ብላሃለች በይልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ «ልጄ ማንን ልታገባ ነው?» ብላ ስትጠይቅሽም ሌላ ነገር አትጨምሪ። «የወደደችውን» በያት።

ታናሽሽ
ከስፌት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ
ኅዳር 9 ቀን