ሰንጠረዦችሽን ለምን እንዳፈረስኳቸው

ወላይታ ሶዶ፣ መስከረም 7 ቀን 2001 ዓ.ም.

ውድ ዓመለወርቅ፣

እንዴት ከረምሽ? ገሱባ ተስማማሽ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደስታዬ ብዛት ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኛል። ግን መጀመሪያ ጥፋቴን ልንገርሽ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋሁት። ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ደግሞ ደረሰ፤ ይህን በሆዴ ይዤ ወደ አዲሱ ዓመት አልሻገርም።

የሸማኔዎች ማኅበራችንን ድረ ገጽ፣ ያንቺን ሥራ፣ አፈረስኩት።

ቆይ፣ ሳትቆጪ ጨርሺው!

ወደ ወረዳው ከመዛወርሽ በፊት እንዴት እንደሠራነው መቼም አትረሽውም። ለእያንዳንዱ ሸማኔ አንድ ገጽ፣ ሰንጠረዥ ውስጥ ሰንጠረዥ፣ እዚያ ውስጥ ሌላ ሰንጠረዥ። የዱንጉዛ ልብሳችንን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ለማውጣት ባዶ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ስትቀቢ እኔ አፌን ከፍቼ አይሽ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ከጽሕፈት መኪና ሌላ ያልነካችን ሴት ኮድ ያስጻፍሽ አንቺ ነሽ። ታዲያ በምን አፌ "ይሄ አይሆንም" ልበልሽ?

አምናስ? ሰው ለጊፋታ ቤቱን ሲያድስ እኛም ገጹን እናድስ ብለን፣ በሠላሳ አንድ ገጽ ላይ ሳጥን ስንቀባ ሰንብተን የሸማኔውን የጋሽ ጦናን ገጽ ዘለልነው። ምርኩዛቸውን ይዘው ቢሮ ድረስ መጡ።

"ሁሉን አሻግራችሁ እኔን ብቻ አሮጌው ዓመት ላይ ጣላችሁኝ?"

ከቅርጫው ሥጋ እንኳ አልወስድም ብለው፣ አማላጅ ልከን ነው የታረቁን!

በክረምቱ ደግሞ አንቺው ከገሱባ ደወልሽ። "ተናኜ፣ ገጻችን ሞተ እንዴ? ከፍቼው ሻይ አዝዤ፣ ሻዩን ጠጥቼ ጨርሼ፣ አሁንም ነጭ ነው!" እኔም "ኔትወርኩ ነው" አልኩሽ። ዋሸሁሽ፣ ዓሙዬ። ምክንያቱን አውቀው ነበር። ሐምሌ ላይ ሥልጠና የሰጠችን ማክዳ ገጻችንን ከፍታ ነግራኛለች፤ ያ ሁሉ ሰንጠረዥ ተጠቃሎ እስኪደርስ ኮምፒውተሩ ምንም አያሳይም።

"ሰንጠረዥ ለዝርዝር ነው" አለችኝ። "ቀለሙንና መስመሩን ስታይል ሺት በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ጻፊው፤ ገጾቹ ሁሉ ከእሱ ያነባሉ።"

ነሐሴን ሙሉ ምሳዬን ቢሮ እየበላሁ ስፈታና ስገጥም ከረምኩ። የመጀመሪያው ቀን መስመሮቹ በሙሉ ተንሸራተው ገጹ ግርጌ ተከመሩ። አለቀስኩ ብልሽ እንዳትስቂ።

ትናንት ጋሽ ጦና ብቅ አሉ። "ይሄ ቀይ ፈዟል፣ አድምቂው" አሉኝ። አንድ መስመር ነካሁ። አንድ! ከዚያ ገጾቹን እየከፈትኩ አሳየኋቸው፤ ሁሉም ደምቀዋል። አላመኑኝም።

"የእኔም?"

"የእርስዎም፣ ጋሼ።"

"ዘንድሮ አብረን ተሻገርን በይኛ!" ብለው እንዴት እንደሳቁ!

ያንቺን ዱንጉዛ ግን አንድ ክር አላጎደልኩበትም፤ ስፋቱም አሰላለፉም ያው ነው። የድሮውንም ገጽ በሲዲ አስቀምጬልሻለሁ። አንዱን ሰንጠረዥሽን ደግሞ ጨርሶ አልነካሁትም፤ የሶዶን፣ የተበላ ከተማንና የገሱባን የገበያ ቀን የጻፍሽበትን። ማክዳ ራሷ አይታ "እውነተኛ ሰንጠረዥ ይሄ ነው" አለች። ከሥሩ "በዓመለወርቅ የተሠራ" ብዬ ጻፍኩበት።

ደብዳቤው እንደደረሰሽ ገጹን ክፈቺው። ከተቀየምሽኝ ለጊፋታ መጥተሽ ፊት ለፊት ተቆጪኝ፤ የቅርጫ ድርሻሽን ይዤልሻለሁ። ብቻ ስትከፍቺው ሻይ እንዳታዢ። ሻዩ ሳይቀዳልሽ ገጹ ይቀድምሻል።

እዚህ ሻይ አፍልታ የምትጠብቅሽ፣
ተናኜ