በሩን የጋረደው ክትክታ

መጋቢት 12 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። አባትሽም «ደህና ነው በያት» ብሎኛል፤ እንግዲህ መልእክቱን አድርሻለሁ። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ይብቃው፤ ያሰኘውን ይብላ» ካለን ወዲህ ግን ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሏል።

እሱ እቴ፣ ከጃፓኑ መች ወጥቶ! ግቢያችንን ሰፈሩ ሁሉ «ጃፓን» ማለት ጀምሯል። ሥለሽ የሄድሽውን የጃፓን አትክልት ቦታ ንድፍ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ «የሩቅ አገር ዛፍ አላባብልም» ብሎ የእኛኑ ጥድ ተከለ። ቅርንጫፎቹ እንዲያጎነብሱለት ድንጋይ በገመድ ያንጠለጥልባቸዋል። ኩሬው ጠጠር ነው፤ በጥርሳም እንጨት ሞገድ ያወጣለታል፣ የጎረቤት ዶሮ ትበትነዋለች። «ጥዱ መቼ ነው ቅርጽ የሚይዘው?» ብዬ ብጠይቀው «ሃያ ዓመት ቢፈጅ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ንድፉ ላይ «እንግዳ ከበሩ ሲገባ አይታይ፤ ከመንገዱ መታጠፊያ ድንገት ብቅ ይበል» ብለሻል። ቃልሽን አክብሮ በሩን በክትክታ ጋረደው። ክትክታው የአገሩ ነውና ውሃ ሳይለምን ጥቅጥቅ ብሎ አደገ። አሁን ከሰዓት ከሰዓት መታጠፊያው ፊት ለፊት ይቀመጣል። በሩ ሲጢጥ ባለ ቁጥር ይነሳል። «ምነው?» ስለው «እግሬ እንዳይደነዝዝ ነው» ይለኛል።

ትናንት የመጣው ልብስ ሰፊው ነበር፤ ሱሪውን አጥብቦለት። አባትሽ ጥዱን ተደግፎ ቆሞ፣ ሰውየው ብቅ እስኪል ድረስ የሸሚዙን ኮሌታ ሲያስተካክል አየሁት። ከዚያ «አረፍ በል እንጂ» አለው። ራሱ ግን መቀመጥ አቅቶት ሁለታችን ደግፈን አስቀመጥነው።

የመኖሪያ ወረቀትሽ ሳያልቅ ካለሽበት አገር ከወጣሽ መመለስ እንደሌለ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል፤ «እንዳትመጣ፣ ኑሮዋን እንዳታበላሽ» የሚለኝ ራሱ ነው። አልተቀየምኩሽም። ግን የኔ እናት፣ ስልክ ላይ «በቅርቡ» አትበይው። «በቅርቡ» ባልሽው ማግስት ጢሙን ተላጭቶ ነው የሚቀመጠው፤ እኔ ይህን ማየት አልቻልኩም።

የማትመጪ ከሆነ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ክትክታውን እቆርጠዋለሁ። የሚመጣውን ከሩቅ ይየው፤ በከንቱ አይነሳብኝ። መጋዙን ከአናጢው ተውሼ አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ።

አምላክ ካለሽበት ይጠብቅሽ፤ ክፉ አይንካብኝ።

እናትሽ