ቤት ልንቀይር ነው፣ አባብዬ

ይድረስ ለአባብዬ፣ ካለህበት፤

እንደምን አለህ ብዬ ስጀምር ሰው ቢያየኝ ይስቅብኛል። ግን ሰላም ሳልልህ ወሬ መጀመር አልለመድኩምና፣ እንደምን አለህ? ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ተዝካርህ ወጥቷል፣ እማዬም ጥቁሯን አውልቃለች። ከሱቅህ ያመጣነው የስፌት መኪናህ ግን እስከ ትናንት ድረስ መስኮቱ ሥር ነበር፤ የሚነካው ሰው አልተገኘም። ይህን የምጽፍልህ በካርቶንና በፌስታል ተከብቤ ነው። ነገ ጠዋት የልደታውን ቤት እንለቃለን።

የእማዬ ጉልበት አራተኛ ፎቅ መውጣት እምቢ ብሏታል። ሀብታሙ ጀሞ ሰፈር፣ ግራውንድ ላይ ያለ ቤት አግኝቶልናል፤ ፀሐይ የሚገባበት፣ ደረጃ የሌለው። ልጅህ ደህና ነገር አደረገ፣ እሷ ግን ለወራት አልሄድም ብላ አስቸገረችን። ሰበቧ ብዙ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ይርቀኛል አለች፣ ጎረቤት አላውቅም አለች። እውነተኛውን ምክንያት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንተ የት ብለህ እንደምትመጣ ጨንቋት ነው።

ምክንያቱም ትመጣለህ። ይህን ለሀብታሙ አልነገርነውም፤ ጠበል ካልወሰድኳችሁ ይለናል። ከቀብርህ በኋላ ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ከተክለ ሃይማኖት ሱቅህን ዘግተህ በምትገባበት ሰዓት፣ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ቀኝ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ሰው ኮቴ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ቆመ፤ አንተም እዚያ ነበር የምታርፈው። እህህ ብሎ ሳለ። ከዚያ ዝም። ለእማዬ አልነገርኳትም። ለካ እሷም ሰምታ ለእኔ አልነገረችኝም። አንድ ቀን ምስር እየለቀምን ሁለታችንም እኩል ቀና አልን፤ ተያየን፣ አንገታችንን ደፍተን ለቀማችንን ቀጠልን።

አንዴ ጨክኜ በሩን ከፍቼ ወርጄ ነበር። ከጎረቤት ጄሪካን በቀር ሦስተኛው ፎቅ ላይ ምንም የለም። የገዛ አባቴን ፈራሁ፣ አባብዬ። አሁን ግን ኮቴህ ሳይሰማ የዋለ ቀን ይብሳል፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

የእማዬ ጭንቀት ያለ ነገር አይደለም፤ አንተ እኮ በሕይወትህም ቤት ይጠፋህ ነበር። ሰንጋ ተራ ፈርሶ እዚህ ስንገባ፣ ዕድሜህን ሙሉ የቆርቆሮ በር ገፍተህ የገባህ ሰው፣ አንድ ዓይነት ቀለም የተቀባ ብሎክ መዓት ተደረደረልህ። በመጀመሪያው ሳምንት የጎን ብሎክ አራተኛ ፎቅ ወጥተህ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ውሃ ጠየቅህ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘይነባ ውሃውን ሰጡህ። አንተም ጠጥተህ ስትጨርስ፣ እኛ ቤት የማርያም ሥዕል በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ የመካን ፎቶ አየህና ተነሳህ። እማዬ ያን ሳምንት በሳቅ ልትሞት ነበር።

በማግስቱ ከኮት ገበር የተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ አምጥተህ የብሎካችን መግቢያ ብረት ላይ አሰርክ። ቋጠሮው እንዳይፈታም በመርፌ ሰፋኸው። ከዚያ ወዲያ አትጠፋም ብለን ነበር። አንተ ግን እትዬ ዘይነባ ቤት መግባትህን አልተውክም። ስንጠይቅህ ጨርቁን አይቼ ነው የገባሁት ትለናለህ። እኛም ዓይን ለዓይን ተያየን፤ አባዬ ጃጀ አልን። ሀብታሙማ ሐኪም ጋ ካልወሰድኩት ብሎ ነበር።

በለቅሶህ ቀን እትዬ ዘይነባ ድንኳኑ ውስጥ ተነስተው፣ እንባቸው እየወረደ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው አሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ነበር። ያንተን ጨርቅ አይተው ከመርካቶ ተመሳሳዩን ገዝተው የእሳቸው ብሎክ ላይ አሰሩት። ጋሼ ተሳስተው ሲገቡ ሻይ የሚጠጣልኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነው አሉ። እማዬ መጀመሪያ አኮረፈች። ቆይታ ግን አቅፋቸው አብራ አለቀሰች።

እኔ በኋላ ሄጄ የእሳቸውን ጨርቅ አየሁት። ቋጠሮው አልተሰፋም። እንደ ጫማ ማሰሪያ ነው የታሰረው። አባብዬ፣ የገዛ ስፌትህ ይጠፋሃል? አንተ የሰው ኮት ከሩቅ አይተህ ማን እንደሰፋው የምትናገር ሰው። አውቀህ ነበር የምትገባው። አንዲት ሴት ብቻዋን ሻይ እንዳትጠጣ ብለህ፣ እኛ ጃጀ ስንልህ ዝም ብለህ ቻልክ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ መፍራቴ ቀንሷል፣ ናፍቆቴ ግን ባሰብኝ።

ትናንት ጨርቅህን ለጀሞው በር ልወስድ መቀስ ይዤ ወረድኩ። ፀሐይ በልቶት ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ስፌትህ ግን አንድም አልተፈታም። መቀሱን አስጠግቼ እጄ እምቢ አለኝ። እትዬ ዘይነባ ከኋላዬ መጥተው ነበርና፣ ተይው ልጄ አሉኝ፤ ጋሼ ከመጡ እኔ አለሁ፣ ሻይ አጠጥቼ ጀሞ ገብተዋል እላቸዋለሁ። ይህን ወጥቼ ለእማዬ ነገርኳት። ተነሳችና የራሷን ልብስ ራሷ ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመረች።

ከሳጥንህ ያንኑ ገበር አግኝቻለሁ። ነገ አዲሱ በር ላይ አስሬ ቋጠሮውን እሰፋዋለሁ። እጄ እንዳንተ አይደለም፣ ጠማማ ይሆናል፤ አይተህ እንዳትስቅ። በተቀደደ ቁጥር ሌላ እሰፋለሁ፤ ዓይኔ መርፌ መለየት እስኪያቅተው ድረስ።

ይኸው፣ ይህን እየጻፍኩልህ አስር ሰዓት ሆነ። ኮቴህ መጣ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመ፣ እህህ አልክ። እማዬ የምታስረውን ገመድ ይዛ ቀረች። እንደ ሌላው ቀን ዝም ይላል ብለን ስንጠብቅ፣ እየጎተትክ፣ ቀስ እያልክ፣ ወደ ታች ስትወርድ ሰማንህ።

ቀድሞን ሊሄድ ነው አለች እማዬ።

ሻይህን ጠጥተህ ሂድ፣ አባብዬ። አዲሱ ቤት ደረጃ የለውምና ኮቴህ ላይሰማን ይችላል። በሩ ጋ ስትደርስ ሳል።

ልጅህ ሠናይት